ስድስት ሰው፣ ሰባት ገመድ

ኢንሷፍ ስትምል ሰምቼ አላውቅም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ የእስክንድርያ ሰዎች ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ስንገዛ እንኳ በአላህ፣ በነቢዩና በአባታችን መቃብር ምለን ነው። እሷን ግን «እስቲ ወላሂ በይ፣ ዛሬ ይሠራል?» ብትሏት «ገመድ በመሐላ አይሠራም» ትልና ቦርሳዋን ትከፍታለች። አንዳንዱ ሰው ይሄን ትዕቢት ይለዋል። እኔ አልለውም። ትዕቢተኛማ አይቻለሁ፤ ትዕቢተኛ ሰው ጠረጴዛ ሥር ተንፏቆ የሰው አቧራ አይጠርግም።

መጀመሪያ ወደ ቢሯችን የመጣች ዕለት አለቃችን ሐጂ ሱሩር በሩን ከፈቱላትና እሷን አልፈው ደረጃውን ማየት ጀመሩ።

«መሐንዲሱ ወደ ኋላ ቀረ እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

«መሐንዲሱ እኔ ነኝ። የፈለጉት ባለ ጢም ከሆነ ነገ ይፈልጉ፤ ኢንተርኔቱን ግን ዛሬ ነው የፈለጉት መሰለኝ።»

አንገታችንን ደፍተን ሳቅን። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው አሳለፏት። በግማሽ ሰዓት ጨርሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የኛን ገመድ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም፤ በመንሺያ አደባባይ ዙሪያ ያሉ ቢሮዎችም አንድ በአንድ የእሷ ደንበኛ ሆኑ።

ካርሙዝ ሰፈር ነው የተወለደችው። አባቷ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ አራት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ አልነበረውም። ጎረቤት «ምስኪን፣ መሰላል የሚይዝለት ልጅ እንኳ የለው» ሲል ሰማና በማግስቱ የመጀመሪያ ልጁን ኢንሷፍን ይዟት ወጣ። በዘጠኝ ዓመቷ መሰላል ያዘች፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ራሷ ወጣችበት። አባቷ ያስተማራት አንድ ነገር ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መስመሩ ሞተ ከተባለ ከዚህኛው ጫፍ ተነስተሽ እስከዚያኛው ጫፍ በእግርሽ ሂጂ፤ መሃል ላይ ቆመሽ አትገምቺ። ባሏ የትራም ሹፌር ነው። «እሱን ሐዲዱ ይወስደዋል፣ እኔን ገመዱ» ትላለች። አሁን አርባን አልፋለች፤ ወፈር ብላለች፤ ያም ሆኖ የመንሺያን ደረጃ በስፖርት ጫማዋ ስትወጣው እኛ የምናለከልከውን ያህል አታለከልክም።

እኔ ዚናት እባላለሁ። በሐጂ ሱሩር ቢሮ ጸሐፊ ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራችን ወደብ ላይ የገባ ዕቃ ከጉምሩክ ማስወጣት ነው፤ ስድስት ነን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ድሮ ወረቀት ተሸክመን ነበር የምንሮጠው፤ ዛሬ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሆኗል። መስመሩ አንድ ሰዓት ከጠፋ የሰው ብርቱካን ወደብ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ የሰው ምላስ ደግሞ እኛን ይመታናል።

ሐጂ ሱሩር ደግ ሰው ናቸው። ምላሳቸው ግን ልጓም የለውም። ትንሽ ሲናደዱ በሚስታቸው ፍች ይምላሉ፤ ያሉት ከሆነ ሚስቲቱ ተፈታች ማለት ነው። «ይሄ ዓሣ የዛሬ ከሆነ ከሪማ ፍች ናት!» ይላሉ። ከሪማ ምስኪን ቤቷ ተቀምጣ ሞሎኪያ የምንለውን ቅጠል ትቀቅላለች፣ ገበያ ላይ በዓሣ ምክንያት ትፈታለች። አንዴ በኳስ ዳኛ ፈቷት፣ አንዴ በሊፍት ጠጋኝ። ሁለቱንም ጊዜ የሰፈራችን መስጊድ ሼኽ አስታረቋቸው፤ በሁለተኛው ግን ጣታቸውን ቀስረው «ስማ ሱሩር፣ ሁለቱን አቃጥለሃል። ፍች ሦስት ነው፤ የቀረችህ አንድ ናት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሦስተኛዋን እኔም አልመልስልህም» አሏቸው። ሐጂ ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ምላሳቸውን ነክሰው ኖሩ። ሊምሉ ይጀምሩና «ከሪ…» ላይ ሲደርሱ ይውጡታል።

ያ ሁሉ ትዕግሥት በአንድ ረቡዕ ፈሰሰ።

ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገባን፣ ኢንተርኔቱ አማን ነው። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ድርግም አለ። ድርግም ሲባል ደግሞ እንዲያው አይደለም። ኮምፒውተሩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ምንም ግን አይከፍትም። የኔ ይሞታል፣ የጎረቤቴ ይሠራል፤ አጥፍቼ ሳበራው የኔ ይነሳል፣ የእሱ ይሞታል። ሰኞም እንዲሁ፣ በአራት ሰዓት። ማክሰኞም በአራት ሰዓት። የመስመሩን ኩባንያ ደወልንለት፤ «በኛ በኩል ሰላም ነው» አለን።

ስድስት ሰው ባለበት ቤት ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛ መፈለግ የማይቀር ነው። ረምዚ የሚባል ልጅ አለን፤ ገና ዓመት ያልሞላው ሙሽራ፣ ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ጠዋት ጠዋት ወረቀት ለማስፈረም በወደብ በር በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ቢሮ የሚገባው አራት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ላይ ኳስ ወዳጅ ነው፤ በስልኩም በኮምፒውተሩም ጨዋታ ያያል። ሒሳብ ሠራተኛችን ናዲያ ጣቷን አጣጥፋ ቆጠረች። «ረምዚ የለም፣ ኢንተርኔት አለ። ረምዚ መጣ፣ ኢንተርኔት ሄደ። ሌላ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

«ኧረ ተይኝ፣ እኔ ጂኒ ነኝ እንዴ?» አለ ረምዚ።

«ጂኒ እንኳ ቁልፍ ሳይነካ አያጠፋም» አለችው።

ረቡዕ ዕለት፣ የአንድ ትልቅ ደንበኛ ወረቀት ሊገባ አንድ ገጽ ሲቀረው፣ አራት ሰዓት ሆነ፤ ጠፋ። ሐጂ ሱሩር ከክፍላቸው ወጡ። ፊታቸው የተቀቀለ ሽሪምፕ መስሏል። መሃላችን ቆሙና ጠረጴዛ መቱ።

«ይሄን ኢንተርኔት ያበላሸው እጅ የማንም ይሁን የማን፣ ባለቤቱ ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቢሮ ከተቀመጠ፣ ከሪማ ፍች ናት!»

የሐጂ እጅ አፋቸው ላይ ሄደ፤ ግን ማንን ሊከለክል? ወጥቷል። ሦስተኛዋ ናት።

ያኔ ሁሉም ረምዚን አየው። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ለምን ብትሉ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ማንም የማያውቀው ገመድ ነበር፤ የዘረጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ኡም ሙኒር የምትባል ባልቴት አለች። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ሙኒር ኖርዌይ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ልጁ ፊቱን የምታይበት ታብሌትና አንዲት ትንሽ የኢንተርኔት ሳጥን ላከላት። ሳጥኑ አለ፣ ቤቷ ግን መስመር የለውም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ከቢሮ ስወጣ ደረጃው ላይ በሻሽ ተጠቅልላ ቆማ አገኘኋት። የኛ ዋይፋይ በበሩ ሥር ትንሽ ይሾልካል ብሎ አንዱ ነግሯት ኖሯል። ታብሌቱን ወደ በራችን አስጠግታ፣ የልጇ ፊት እየተቆራረጠ፣ «ሙኒርዬ አትሂድብኝ፣ ትንሽ ጠብቅ» ትለዋለች። አንጀቴ አልቻለም። አላለቅስም ያልኩት ሴትዮ አለቀስኩ።

ሐጂን ብጠይቃቸውስ? ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ አንድ ጊዜ ጠይቋቸው «የወደብ ወረቀት የሚያልፍበትን መስመር ለእናቴም አልሰጥ!» ብለውታል። ስለዚህ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ሜትር ገመድ ገዛሁ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ በፋይል ሳጥኑ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት፣ ወደ ሕንፃው የአየር ጉድጓድ አወጣሁት። ኡም ሙኒር ዳቦ የምትገዛበትን ቅርጫቷን በሲባጎ አወረደች፤ የገመዱን ጫፍ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሳበችው፤ ወጥቼም ሳጥኗ ላይ ሰካሁላት። «ትርፍ መስመር ነው፣ ቢሮው አይጎዳም» አልኳት። ለማንም አልተናገርኩም። እናቶቻችን ያወሩት ምጽዋት ከአላህ ዘንድ ምንዳ የለውም ብለው ነው ያሳደጉን። እንዲያ ሆኖ ሁለት ዓመት ኖረ።

አሁን ግን ወይ ረምዚ ይባረራል፣ ወይ እኔ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የት እሄዳለሁ?

ሐጂ «ኢንሷፍን ጥሯት! ጥፋተኛውን እሷ ታውጣልኝ» አሉ። በሃያ ደቂቃ መጣች።

ስትገባ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። እሷ መሃል ወለል ላይ ቆማ እስክንጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«እሺ። በቅርብ ምን ተነካ?»

«ምንም!» አልን ስድስታችንም።

«ምንም ያልተነካበት ቤት የጠራኝ ቀን ሥራ አቆማለሁ» አለች። «መቼ ነው የሚጠፋው?»

«አራት ሰዓት ላይ» አለች ናዲያ፣ ዓይኗን ወደ ረምዚ ጣል አድርጋ። «ረምዚ ሲገባ።»

ኢንሷፍ ረምዚን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ይሄ ልጅ ኢንተርኔት የሚያጠፋ ከሆነ ለወደቡ ልሸጠው እችላለሁ፤ መርከብ ያቆማል» አለች። ረምዚ ለመሳቅ ሞከረ።

መጀመሪያ ከዋናው ሳጥን የሚመጣውን ቢጫ ገመድ ነቅላ በቀጥታ የራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ከፈተች፤ ወዲያው ተከፈተላት። «ኩባንያው ነፃ ነው። አትሳደቡት» አለች። ቢጫውን መልሳ ሰካችና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች በየኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ከፍታ ቁጥር አነበበች፤ በእስክርቢቶ መዳፏ ላይ ጻፈች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ፉጨት አሰማች። ኢንሷፍ ስታፏጭ ነገሩ ገብቷታል ማለት ነው።

«ሐጂ፣ ይሄ ቤት ስንት በር አለው?» አለቻቸው።

«አንድ ነዋ።»

«ኮምፒውተሮቹ ሁለት ነው የሚሉት። ሁለት ሳጥኖች ‹የኢንተርኔቱ በር እኔ ነኝ› ይላሉ፤ ቁጥራቸውም አንድ ነው። ግማሹ ኮምፒውተር እውነተኛውን በር አግኝቶ ይወጣል፣ ግማሹ ግድግዳ ይገጫል። አንዱን ሳጥን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ሁለተኛውን አላውቀውም።»

ከዚያ ሁላችንንም ከየወንበራችን አስነሳችን። ገመዶቹ የሚገናኙበት ማከፋፈያ ግድግዳው ሥር ነው፤ ተንበርክካ በጣቷ ቆጠረች። «ቢጫውን ተውት፤ እሱ ከዋናው የሚመጣ ነው። ሌላው ሰባት ነው። እናንተ ስንት ናችሁ?»

«ስድስት» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ወረደ።

«እንግዲህ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ኮምፒውተሩ ‹ገመድ ተነቀለ› ያለው ሰው ‹የኔ› ይበል።»

ነቀለች። «የኔ» አለች ናዲያ። መልሳ ሰካች፣ ሁለተኛውን ነቀለች። «የኔ» አሉ ሐጂ። የኔን ነቀለችው፤ «የኔ» አልኩ፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ረምዚም «የኔ» አለ። ስድስቱ አለቁ። ሰባተኛውን ያዘችና ነቀለችው።

ማንም አልተናገረም።

ወዲያው ግን የስድስቱም ኮምፒውተር ነፍስ ዘራ። የናዲያ ወረቀት «ተልኳል» አለ። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ተነሳች። ሐጂ ግን አልተደሰቱም። ገመዱን በዓይናቸው ተከትለው ሄዱ፤ በግድግዳው ጥግ፣ በፋይል ሳጥኑ ጀርባ፣ በመስኮቷ ወጣ። የፋይል ሳጥኑ ደግሞ ያለው የረምዚ ጠረጴዛ ጎን ነው።

«ሌባ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል» አሉ ሐጂ። «ረምዚ!»

«ሐጂ፣ በሚወለደው ልጄ ይሁንብኝ፣ አላውቀውም!»

«ምያለሁ! ምዬብሃለሁ፣ አንተ ልጅ! ቤቴን ላፍርስልህ? ዕቃህን ሰብስብ!»

ረምዚ መሳቢያውን ከፈተ። የሚስቱን ፎቶ አወጣ፣ የሻይ ብርጭቆውን አወጣ፣ ብርጭቆውን መልሶ ማስቀመጥ ይሁን መያዝ ግራ ገብቶት ቆመ። ኢንሷፍ ሰባተኛውን ገመድ ይዛ እንደተንበረከከች ፊታችንን አንድ በአንድ አየች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗን አልነቀለችም፤ አልተቆጣችም፤ ጠበቀች እንጂ።

«የኔ ነው» አልኩ።

ሐጂ ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«ገመዱ የኔ ነው፣ ሐጂ። ልጁን ተዉት። ኡም ሙኒር ልጇን በደረጃ ላይ፣ በብርድ ቆማ ስታነጋግር አየሁና ዘረጋሁላት። ሁለት ዓመት ሆነው። ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው። ጥፋተኛ ነኝ፤ ግን አልጸጸትም።» የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ብቻ ወጣች።

ሐጂ ሱሩር ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ለእኔ ከባድ ነበር፤ ለእሳቸው ግን የባሰ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ሴት ልጃቸውን ስንድር እንግዳ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። «ዚናት» አሉኝ፣ «ምን አደረግሽኝ? ከረምዚ ይልቅ አንቺን? ብምርሽ ከሪማን አጣለሁ። ብሰድሽ…» ሳይጨርሱት ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት እጠላለሁ። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ቁጭ በይ፣ አብላ ዚናት» አለች ኢንሷፍ፤ «አብላ» በኛ አፍ እትዬ ማለት ነው።

«ምን ልቀመጥ? ተጠናቀቀ እኮ።»

«ለናንተ ነው የተጠናቀቀው። እኔ ገና ነኝ። ገመዱ ሁለት ዓመት ሰላም ነበር ካልሽ፣ ከአራት ቀን ወዲህ ብቻ ያበደው በምን ምክንያት ነው? ሳይጠይቁ መዘርጋት ጥፋት ነው፤ እሱን ከሐጂ ጋር ጨርሺ። ኢንተርኔቱን ያበላሸው ግን መዘርጋቱ አይደለም። እኔ አንዱን ጫፍ ነው ያየሁት። ነገሩ ሌላው ጫፍ ላይ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?» አሉ ሐጂ።

«እርስዎ የማሉት ኢንተርኔቱን ባበላሸው እጅ ላይ ነው ተባልኩ። እጁን ላሳይዎት። ሌላ ሰው ሳያሳዝኑ ይምጡ።»

ገመዱን መልሳ ሰክታ፣ ሊፍቱ ዛሬም አይሠራምና፣ በደረጃ ወጣን፤ እሷ ከፊት፣ ሐጂ እያቃሰቱ፣ እኔ ከኋላ። ረምዚም ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተለን።

ኡም ሙኒር በሯን ከፍታ ይህን ሁሉ ሰው ስታይ «ሙኒር ምን ሆነ?» ብላ ግድግዳ ያዘች። «ምንም አልሆነ፣ እናቴ» አለቻት ኢንሷፍ። «ሳጥንሽን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እሰይ! ስድስት ቀኔ ነው ልጄን ካየሁት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሳጥኔን አበራለሁ፣ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይመጣም። ሰው አላስቸግር ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ለመብራቱ ብዬ አጠፋዋለሁ፤ ምናልባት ያ ይሆን?»

አራት ሰዓት! ናዲያ ብትሰማ ምን ትል ነበር? ኢንሷፍ ሳጥኑን ከቡፌው ላይ አንስታ ገለበጠችው። ከጀርባው አምስት ቀዳዳዎች አሉት፤ አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ግን ራቅ ብሎ ለብቻው ሰማያዊ ነው። የኔ ገመድ ከአራቱ በአንዱ ተሰክቷል።

«የመጣው መስመር በሰማያዊው ነው የሚገባው» አለች። «እዚያ ሲገባ ሳጥኑ ለዚህ ቤት ብቻ ይሠራል፣ ታች ያሉትን አይነካም። በነዚህ ሲገባ ግን ታች ወርዶ በረኛ ነኝ ይላል። አብላ ዚናት፣ አንቺ የት ነው የሰካሽው?»

«ሰማያዊው ላይ። ወረቀቱ ላይ እንደተሳለው።»

«ታዲያ ከሐሙስ ወዲህ የነቀለው ማን ነው? ዓርብና ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው፤ እሑድ ነው የታየው። እናቴ፣ ነክተሽዋል?»

«እኔ? እኔ አቧራውን እንኳ በሩቁ ነው የምነፋው! ሐሙስ ማታ ጨርቅ ስጎትት ወድቆ ገመዱ ተነቀለ እንጂ። ደግነቱ ሐጂ ሱሩር፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ እንደ ልማዳቸው ብርቱካን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ‹ቢስሚላህ› ብለው ሰኩልኝ።»

ሐጂ ሱሩር የበሩ መቃን ላይ ተደገፉ። በየሐሙሱ ፍራፍሬ ይዘው ያቺን ባልቴት እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ሳጥኑ መስመር ከየት እንደሚያመጣ ግን አስበውት አያውቁም።

«ቀዳዳው… ሁሉም አንድ መሰለኝ» አሉ።

«ሰማያዊው አይመስልም» አለች ኢንሷፍ። ገመዱን ነቅላ ሰማያዊው ላይ ሰካችው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ታች ካለው መስኮት የናዲያ ድምፅ በአየር ጉድጓዱ ወጣ፤ «ይሠራል! ሁሉም ይሠራል!» የኡም ሙኒር ታብሌትም ጮኸ። ሙኒር ነው። እሷ ሮጠች፤ እኛን ረስታ «የኔ ዓይን፣ የኔ ዓይን» እያለች መስታወቱን ትስመው ጀመር።

ሐጂ ወደ ኢንሷፍ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ልጄ፣ እጁ የሌላ ነው ብትይስ?» አሏት።

«የማን ልበል? የረምዚን ሚስት እንጀራ ነው የምነጥቀው ወይስ የአብላ ዚናትን? እኔ የገመድ ሰው ነኝ፤ ገመዱን ያዞረው እጅ የእርስዎ ነው። እጁን አይቁረጡት፤ ለደግ ነገር ነበር የዘረጉት።»

ሐጂ ስልካቸውን አወጡ። «ከሪማ፣ ከቢሮ ተባረርኩ» አሉ። «ማን አባረረህ?» የሚለው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። «እኔ» አሉ። ከዚያ ወዲያ በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳቅ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የሚሆነው ሆነ። መሐላ መሐላ ነው፤ ከቢሮው ወጡ። ሥራው ግን ሊቆም አይችልም። ሐጂ ራሳቸውን ሲያኩ ኡም ሙኒር «የምበላበት ጠረጴዛ ለስምንት ሰው ነው፤ እኔ አንዷን ጥግ ነው የምይዘው» አለች። ረምዚ የሐጂን ኮምፒውተር ተሸክሞ ወጣ፤ ደስታው ደረጃውን ሁለት ሁለት አስዘለለው። ኢንሷፍ በማግስቱ ሌላ ገመድ በጉድጓዱ አወረደች፤ የሐጂንና የኡም ሙኒርን መስመር ለየች፤ ሁሉንም ገመድ ስም ለጠፈችበት። እኔን ሐጂ ሦስት ቀን ኮረፉኝ። በአራተኛው ቀን «ለፀጉር አስተካካዩም እንዳትዘረጊ ብቻ!» አሉኝ። በቃ፣ እርቅ ማለት እሱ ነው።

አንድ ወር አለፈ። ከሪማ ነገሩን ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም፤ ራሷ ሄዳ ሌላ ትልቅ ሼኽ ጠየቀች። ሼኹም «ዛቻ እንጂ ፍች አላሰበም፤ አሥር ችግረኛ ያብላና ወደ ቦታው ይመለስ» ብለው መሐላውን ፈቱት። ሐጂ አሥር ሰው አበሉ፣ ሥጋ በሩዝ፤ የተበላውም በዚያው በኡም ሙኒር ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ታች ክፍላቸውን ጠረግሁ፣ ወንበራቸውን ወለወልኩ፤ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ጠበቅን።

ኮቴያቸው ደረጃው ላይ ተሰማ። ሁለተኛ ፎቅ ደረሱ፤ በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። «ሰላም አለይኩም። ረምዚ፣ የብርቱካኑን ፋይል ላክልኝ» አሉና ወደ ላይ ቀጠሉ።

ናዲያ አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያው ሳምንት ኢንሷፍ መስመሩን ልታይ ስትመጣ ነገርኳት፤ አብረን ወጣን።

«ሐጂ፣ ተፈቅዶልዎት የለ? ለምን አይወርዱም?» አለቻቸው።

«እዚህ መስመሩ ይፈጥናል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ።

ኢንሷፍ እንዲህ ያለ ነገር ሳትለካ አታልፍም። መሣሪያዋን አውጥታ እዚያ ለካች፤ ወርዳ ታች ለካች፤ ተመልሳ ወጣች። «እኩል ነው፣ ሐጂ። በአንድ ነጥብ እንኳ አይበላለጥም።»

«መሣሪያሽን አስጠግኚው» አሏት።

በዚህ መሃል ኡም ሙኒር ፉልና ጣዕሚያ የምንለውን የባቄላ ጥብስ በሁለት ሳህን ይዛ ከኩሽና ወጣች። አንዱን ሐጂ ፊት አስቀመጠች፣ አንዱን ለራሷ። ታብሌቱ ውሃ ማሰሮው ላይ ተደግፏል፤ ሙኒር ከኖርዌይ «ሐጂ፣ ዛሬም ፉል ነው እንዴ?» ይላል፣ ሐጂም «አንተ ዓሣ ሽታ፣ ምን አገባህ!» ይሉታል። ኡም ሙኒር ትስቃለች። ያቺ ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት ቁርሷን ብቻዋን ስትበላ ኖራለች።

ኢንሷፍ መሣሪያዋን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ልክ ነዎት፣ ሐጂ» አለች፣ ወንበር እየሳበች። «እዚህ ይፈጥናል።»